«ስልኬን ቢያዩት ምን አለበት?» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«ስልኬን ቢያዩት ምን አለበት?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ብዙ ሰው ሲቀባበለው ሰንብቷል። ጸሐፊው ባለሙያ ነኝ አላሉም፤ ስለ ቴክኖሎጂ፣ ስለ መንግሥት ክትትልና ስለ ዜጎች መብት የሚያስቡትን በጨዋታ መልክ ነው ያሰፈሩት። ሐሳባቸው ሲጨመቅ ስድስት ነጥብ ይወጣዋል፦ ንጹሕ ሰው የሚፈራው ነገር የለም፤ የሚሰበሰበው የጥሪ ዝርዝር እንጂ ንግግሩ አይደለም፤ በምስጠራ (መልእክትን ሌላ ሰው እንዳያነበው በሚያደርገው ቁልፍ) ላይ ለመንግሥት ብቻ የሚከፈት በር ቢኖር ማንንም አይጎዳም፤ ፊት የሚለይ ካሜራ 99 በመቶ ትክክል ነው፤ ኩባንያዎቹ ሁሉን እያወቁ መንግሥት ሲያውቅ ብቻ መጮህ አይገባም፤ የሚጨነቅ ሰው ቪፒኤን (የኢንተርኔት መስመርን የሚሸፍን አገልግሎት) ይጫን። ጽሑፉ በቅን ልብ የተጻፈ ነው፤ እንደ እሳቸው የሚያስበውም ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ በየነጥቡ መመለስ ተገቢ ይሆናል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነገርን ከሥሩ ነውና ከሦስተኛው ነጥብ እጀምራለሁ። የሌሎቹ መልስ አብዛኛው ከእሱ ይወጣል።

«ምስጠራው ይኑር፤ ግን ፍርድ ቤት ሲያዝ መንግሥት ብቻ የሚከፍተው በር ይተውለት»

ጸሐፊው ምስጠራን የሚያዩት እንደ ቤት መዝጊያ ነው፤ አንዱን ቁልፍ ባለቤቱ ይይዛል፣ ሌላው ታማኝ ሰው ዘንድ ይቀመጣል። ከጫፍ ጫፍ በተመሰጠረ መልእክት ግን ቁልፉ የሚፈጠረው በላኪውና በተቀባዩ ስልክ ውስጥ ነው። ጥሩዎቹ አፖች ቁልፉን በየመልእክቱ ይቀይሩታል፣ የተጠቀሙበትንም ያጠፉታል። መሐል ያለው ሰርቨር የሚያስተላልፈው ሊነበብ የማይችል የቁጥር ክምር ነው። ስለዚህ «በር ይኑር» ማለት በተግባር ከሦስት ነገሮች አንዱን ማድረግ ነው፤ የሁሉንም ሰው ቁልፍ ቅጂ አንድ ቦታ ማከማቸት፣ በንግግሩ ውስጥ የማይታይ ሦስተኛ ተቀባይ ማስገባት፣ ወይም መልእክቱ ሳይመሰጠር በፊት እዚያው ስልኩ ላይ መፈተሽ። ሦስቱም የሚሠሩት በሁሉም ሰው ስልክ ላይ ነው። የፍርድ ቤት ትእዛዝ የሚመጣው በሩ ከተሠራ በኋላ ነው፤ በሩ ግን ምንም ትእዛዝ ያልወጣባቸው ሚሊዮኖች ስልክ ላይም ሌት ተቀን አለ።

ሦስተኛው መንገድ ማለትም ስልኩ ላይ መፈተሽ አሁን አሁን ደጋፊ እያገኘ ስለሆነ ልብ ሊባል ይገባል። ስልኩ ምስሎችን የሚያነጻጽረው ሃሽ ከሚባል የቁጥር አሻራ ዝርዝር ጋር ነው። ዝርዝሩ ቁጥር ብቻ ስለሆነ ተጠቃሚው ምን እየተፈለገበት እንደሆነ ማንበብ አይችልም። ዛሬ በሕፃናት ላይ የተፈጸመ ጥቃት ምስል የሚፈልግ ዝርዝር ነገ የአንድ ሰልፍ መጥሪያ ወረቀት ቢጨመርበት ስልኩ ልዩነቱን አያውቅም።

ነገሩ ደግሞ ተሞክሮ ታይቷል። በ1993 የአሜሪካ መንግሥት ክሊፐር የተባለ ቺፕ ይፋ አደረገ። ቺፑ ንግግርን በ80 ቢት ቁልፍ ይመሰጥራል፤ የቁልፉ ቅጂ ለሁለት ተከፍሎ በሁለት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ይቀመጣል። ፖሊስ ቁልፉን እንዲያገኝ የሚያስችል ጥቅል ከእያንዳንዱ ግንኙነት ጋር ይላካል፤ ጥቅሉ ከሌለ ቺፑ አይሠራም። በ1994 ማት ብሌዝ የተባለው ተመራማሪ የጥቅሉ ማረጋገጫ ቁጥር 16 ቢት ብቻ መሆኑን አየ። ይህ ማለት 65,536 አማራጭ ብቻ ነው፤ ኮምፒውተር አንድ በአንድ ሞክሮ ፍተሻውን የሚያልፍ ግን ፖሊስን የትም የማያደርስ የሐሰት ጥቅል መሥራት ይችላል። ውጤቱ ከታሰበው ተቃራኒ ሆነ፤ ማምለጥ የፈለገ ሰው ጠንካራውን ምስጠራ ያለ በር ይጠቀምበታል፣ በሩ የሚቀረው በሕግ አክባሪው ላይ ነው። በ1996 ፕሮጀክቱ ሞተ።

ግሪክ ውስጥ የሆነው ይብሳል። የስልክ ኩባንያዎች ጥሪ የሚያገናኙባቸው ስዊቾች ፖሊስ ስልክ ጠልፎ የሚያዳምጥበት ክፍል ሶፍትዌራቸው ውስጥ ይዘው ይመጣሉ። ከ2004 አጋማሽ እስከ 2005 መጀመሪያ ድረስ ያልታወቁ ሰዎች ይህንኑ ክፍል በስውር አስነስተው ጠቅላይ ሚኒስትሩን ጨምሮ ከ100 በላይ ሰዎችን ሲያዳምጡ ቆዩ። የንግግሩ ቅጂ የሚሄደው በቅድመ ክፍያ ሲም ወደሚሠሩ 14 ስልኮች ነበር። ኩባንያው የጠለፋውን አገልግሎት አልገዛም ነበር፤ ስለዚህ ጠለፋ ሲካሄድ ለሠራተኞቹ የሚያሳየው መቆጣጠሪያ አልነበረውም። ሰዎች የላኩት የጽሑፍ መልእክት አልደርስ ብሎ ሲመረመር ነው ነገሩ የተጋለጠው። ለመንግሥት የተሠራ በር በራሱ በመንግሥት መሪ ላይ ተከፈተ ማለት ነው።

በ2024 ደግሞ «ሶልት ታይፉን» የሚል ስም የተሰጣቸውና ከቻይና መንግሥት ጋር ግንኙነት አላቸው የተባሉ የኮምፒውተር ሰርሳሪዎች ትልልቅ የአሜሪካ የስልክ ኩባንያዎች ውስጥ ገብተው ተገኙ። ከነኳቸው ነገሮች አንዱ የፍርድ ቤት የጠለፋ ትእዛዝ የሚፈጸምበት ሥርዓት ነበር። ኩባንያዎቹ ያን ችሎታ እንዲያኖሩ ያስገደደው በ1994 የወጣ ሕግ ነው። በዲሴምበር 2024 የአገሪቱ የሳይበር ደኅንነት ተቋም ለጥቃት የተጋለጡ ባለሥልጣናት ከጫፍ ጫፍ የተመሰጠረ መልእክት ብቻ እንዲጠቀሙ መከረ፤ ማለትም በር የሌለውን።

ታዲያ ፖሊስ እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ? አይቀመጥም። የተጠረጠረውን ሰው ስልክ በትእዛዝ ይይዛል፤ የተቀባዩን ስልክ ያገኛል፤ የመጠባበቂያ ቅጂውን ከኩባንያው ይጠይቃል፤ ምስክር ያነጋግራል። በ2016 ኤፍቢአይ በካሊፎርኒያዋ ሳን በርናርዲኖ ከተማ በደረሰ ጥቃት ምርመራ የአንድ አይፎን መከላከያ የሚያነሳ ልዩ ሶፍትዌር አፕል እንዲጽፍለት በፍርድ ቤት ሲሟገት ቆይቶ፣ በመጨረሻ ስልኩን በሌላ ወገን እርዳታ ከፈተው። አንድ ስልክ መክፈት ገንዘብና ልፋት ይጠይቃል፤ ያ ልፋት ራሱ መርማሪው ማንን እንደሚፈልግ ቀድሞ እንዲያስብ ያስገድደዋል። የሁሉንም ስልክ የሚከፍት በር ግን ያን ማሰብ ያስቀራል።

«የሚሰበሰበው ማን ለማን ደወለ ብቻ ነው»

እዚህ ላይ «ብቻ» የሚለው ቃል ትልቅ ስሕተት ተሸክሟል። አንድ የጥሪ መዝገብ ውስጥ ምን እንዳለ በቅርብ እንየው፦ የደዋዩ ቁጥር፣ የተቀባዩ ቁጥር፣ የሲም ካርዱ መለያ፣ የስልኩ ቀፎ መለያ፣ ጥሪው የጀመረበት ሰከንድ፣ የቆየበት ጊዜ፣ ስልኩን ያስተናገደው የኔትወርክ ማማና ማማው ላይ ያለው አንቴና አቅጣጫ። ሲም ቢቀየር የቀፎው መለያ አዲሱን ቁጥር ከድሮው ጋር ያያይዘዋል። ባይደወልም ስልኩ በየጊዜው ለኔትወርኩ «እዚህ ነኝ» ይላል፤ ዳታ የከፈተ ስልክ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ዱካ ይጥላል።

አንድ ምሳሌ ልውሰድ። አንድ ጋዜጣ የሙስና ሰነድ አውጥቷል እንበል። ሰነዱን ማን እንደሰጠ ለማወቅ የፈለገ ባለሥልጣን አንድም ቃል ማዳመጥ አያስፈልገውም። ዜናው ከመውጣቱ በፊት በነበሩት ሳምንታት ከመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች ማን ለጋዜጠኛው እንደደወለ ማጣራት ይበቃዋል፤ የሁለት ደቂቃ ጥሪ ሰውየውን ያጋልጠዋል። እንዳይታወቅባቸው ስልክ ዘግተው የተገናኙ ሰዎች እንኳ ዱካ ይተዋሉ፤ ሁለት ስልኮች በአንድ አካባቢ በተመሳሳይ ደቂቃ ጠፍተው ከአንድ ሰዓት በኋላ አብረው ሲበሩ ኮምፒውተሩ ለቅሞ ያወጣቸዋል። ንግግር ሊዋሽ ይችላል፣ በቅኔ ሊሸፈን ይችላል። ሰዓት፣ ቦታና ቁጥር ግን ለማሽን የሚመቹ ናቸው፤ በሚሊዮን ቢቆጠሩም በአንድ ትእዛዝ ይደረደራሉ።

ስም መፋቅም አያድንም። የ1.5 ሚሊዮን ሰዎችን የ15 ወር የስልክ መገኛ መረጃ የመረመረና በ2013 የታተመ ጥናት፣ ሰዓትና ቦታ የያዙ አራት ነጥቦች ብቻ 95 በመቶውን ሰው ነጥሎ ለማውጣት እንደሚበቁ አሳይቷል። አራት ነጥብ ማለት የሁለት ቀን የቤትና የሥራ ምልልስ ነው።

በ2013 የተጋለጠው የአሜሪካ የጥሪ መዝገብ ክምችት አንድ ተጠርጣሪ ሲገኝ እስከ ሦስት እርምጃ ድረስ መከተል ይፈቅድ ነበር። ሒሳቡ ቀላል ነው። ሰውየው ከ100 ሰዎች ጋር ይደዋወላል፤ እነዚያ እያንዳንዳቸው ከ100 ጋር ሲሆኑ 10,000 ይሞላል፤ ሦስተኛው እርምጃ 1,000,000 ይደርሳል። ጸሐፊው «ጥሩ ሠርቷል እኮ» ይላሉ። ጉዳዩን የመረመረው የአገሪቱ የግል ሕይወትና የዜጎች ነፃነት ተቆጣጣሪ ቦርድ በጃንዋሪ 2014 ባወጣው ሪፖርት ፕሮግራሙ የአንድም የሽብር ምርመራ ውጤት ላይ ተጨባጭ ለውጥ ያመጣበት ጊዜ አላገኘም። አውሮፓም ኩባንያዎች የሁሉንም ሰው የጥሪ መዝገብ ከ6 እስከ 24 ወር እንዲያቆዩ ያስገደደውን የ2006 መመሪያ የኅብረቱ ፍርድ ቤት በኤፕሪል 8 ቀን 2014 ሽሮታል።

ተገቢው አሠራር አስቸጋሪ አይደለም። መዝገቡ ለሒሳብ ክፍያ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ አይቆይ፤ ጠያቂው የሰውየውን ማንነት፣ የተጠረጠረበትን ወንጀልና የሚፈልገውን የቀን ልክ ለዳኛ በጽሑፍ ያቅርብ፤ ማን መቼ መዝገቡን እንደከፈተ የሚያሳይ ራሱን የቻለ መዝገብ ይያዝ፤ ምርመራው ሲዘጋ ሰውየው ይነገረው። ከአራቱ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው የመጨረሻው ነው። ያልተነገረው ሰው ደግሞ ይግባኝ ማለት አይችልም።

«ካሜራው 99 በመቶ ትክክል ነው»

ቁጥሩን እንዳሉት እንቀበለውና እንቁጠር። በአንድ ጣቢያ በቀን 1,000,000 ሰው ያልፋል፤ ከእነሱ ውስጥ 100 ተፈላጊዎች አሉ። ማሽኑ ከ100 ተፈላጊዎች 99ኙን ይይዛል፤ መልካም። ከቀሩት 999,900 ንጹሐን ግን በ1 በመቶ ስሕተት 9,999 ሰው ላይ ይጮኻል። በድምሩ 10,098 ጩኸት፤ እውነተኛው 99። ከመቶ ጩኸት አንዱ ገደማ ብቻ ነው ትክክል። አንዱን ጩኸት ለማጣራት 3 ደቂቃ ቢፈጅ በቀን 505 ሰዓት ያህል ይበላል፤ በ8 ሰዓት ፈረቃ ከ60 በላይ ፖሊስ ሌላ ሥራ ሳይኖረው ማለት ነው። ይህን ያህል ሰው ስለማይመደብ ሁለት ነገር ይሆናል፤ ወይ ጩኸቱ ይናቃል፣ ወይ ማሽኑ ያለው ሳይጣራ ሰው ይያዛል።

ሁለተኛው ደርሷል። በጃንዋሪ 2020 በዲትሮይት አንድ ሰው ከሱቅ ሰዓት ሰርቀሃል ተብሎ ከቤቱ ደጃፍ ታሰረ፤ 30 ሰዓት ያህል ቆየ። መነሻው ብዥ ያለ የሱቅ ካሜራ ምስል ከመንጃ ፈቃድ ፎቶዎች ጋር ሲነጻጸር ኮምፒውተሩ የሰጠው ግምት ነበር። ሰውየው ጥቁር ነው፤ ይህም በአጋጣሚ የሚታለፍ ነገር አይደለም። የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም በ2019 በርካታ ሶፍትዌሮችን ሲፈትሽ በአፍሪካና በምሥራቅ እስያ ተወላጆች ፊት ላይ የሐሰት መመሳሰል በብዙዎቹ ከ10 እስከ 100 እጥፍ ሲበዛ አግኝቷል። «99 በመቶ» የሚባለው ብዙ ጊዜ የሚለካው ፊት ለፊት በጥሩ ብርሃን በተነሳ ፎቶ ነው። ከላይ ወደ ታች የሚያይ ካሜራ፣ ኮፍያ፣ ምሽት፣ ከርቀት የተነሳ ፊት፣ እነዚህ ሁሉ ቁጥሩን ያወርዱታል። «ይመሳሰላል» የሚባልበትን ነጥብ የሚወስነውም ማሽኑን የተከለው ሰው ነው፤ ዝቅ ካደረገው ጩኸቱ ይበዛል፣ ከፍ ካደረገው ተፈላጊው ያልፋል። የዲትሮይት ፖሊስ በ2024 በደረሰበት ስምምነት ከእንግዲህ በፊት መለያ ውጤት ብቻ ሰው ላለማሰር ተስማምቷል። ጸሐፊው ካሜራውን መደገፍ ካልቀረ ቢያንስ ይህን ገደብ አብረው ቢጠይቁ ይበጃል።

«ንጹሕ ሰው የሚፈራው የለውም»

መዝገብ ሲሠራ የነበረው መንግሥትና መዝገቡን ኋላ የሚከፍተው አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። የኔዘርላንድስ የሕዝብ መዝገብ በሰላም ጊዜ ለአስተዳደር ተብሎ በጥንቃቄ የተያዘ ነበር፤ የየሰዉን ሃይማኖት ይመዘግባል። ናዚዎች አገሪቱን በ1940 ሲይዙ መዝገቡ ተዘጋጅቶ ጠበቃቸው። በማርች 27 ቀን 1943 አርበኞች የአምስተርዳሙን መዝገብ ቤት አቃጠሉ፤ አብዛኞቹ ካርዶች ግን ተረፉ። ካርዱን የሞሉት አይሁድ ሲሞሉት የሚደብቁት ነገር አልነበራቸውም።

መንግሥቱ ባይለወጥም ዓላማው ይለወጣል። ሲንጋፖር በማርች 2020 የኮቪድ ንክኪ መከታተያ አፕ ስታወጣ መረጃው ለዚያ ብቻ እንደሚውል ተናግራ ነበር። በጃንዋሪ 2021 ፖሊስ ለወንጀል ምርመራ ሊወስደው እንደሚችል በፓርላማ ተገለጸ፤ ገደብ የሚያበጀው ሕግ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሌባም አለ፤ በ2015 ከአሜሪካ መንግሥት የሠራተኞች አስተዳደር መሥሪያ ቤት የ21.5 ሚሊዮን ሰዎች መረጃ መሰረቁ ታወቀ፤ የ5.6 ሚሊዮኑ የጣት አሻራ ጭምር። የይለፍ ቃል ይቀየራል፤ ጣት አይቀየርም።

«ኩባንያዎቹ ሁሉን ያውቁ የለም ወይ?»

ግማሹ እውነት ነው፤ እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። ኩባንያ ግን ማሰር አይችልም። አሳሳቢው በኩባንያውና በመንግሥቱ መካከል ያለው ግድግዳ መሳሳቱ ነው። በ2018 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ካርፔንተር በተባለው የክስ መዝገብ ፖሊስ የአንድን ሰው የ127 ቀን መገኛ (12,898 ነጥብ) ያለ ብርበራ ትእዛዝ መውሰዱ ስሕተት ነበር ብሎ 5 ለ4 ወሰነ። ያንኑ መረጃ ግን ከአፖች ሰብስቦ ከሚሸጥ የመረጃ ደላላ መግዛት ይቻላል። በ2020 እንደተዘገበው ከአንድ የሶላት ሰዓት ማሳወቂያ አፕ የወጣ የመገኛ መረጃ በደላላ በኩል ለአሜሪካ ጦር ተቋራጮች ደርሷል። ስለዚህ «ኩባንያው ያውቃል» የሚለው አነጋገር ኩባንያውም እንዳይሰበስብ ለመጠየቅ ምክንያት ይሆናል እንጂ ለመንግሥት ፈቃድ አይሆንም።

እስከዚያው ድረስ በአንድሮይድ ቅንብሮች ውስጥ ግላዊነት፣ ከዚያ ማስታወቂያዎች የሚለው ስር የማስታወቂያ መለያውን መሰረዝ፣ በአይፎን ደግሞ አፖች ለመከታተል እንዲጠይቁ የሚፈቅደውን ማጥፋት ያስፈልጋል። ደላሎች የተለያዩ አፖችን መረጃ የሚያገጣጥሙት በዋነኛነት በዚያ መለያ ነው። የአየር ሁኔታ የሚናገር አፕ ትክክለኛ መገኛ አያስፈልገውም፤ ግምታዊ ይበቃዋል።

«የሚጨነቅ ቪፒኤን ይጫን»

ቪፒኤን አንድ ነገር ያደርጋል፤ ከስልክዎ እስከ ቪፒኤኑ ሰርቨር ያለውን መንገድ ይሸፍናል። የኢንተርኔት አቅራቢዎ የጎበኙትን ድረ ገጽ ስም አያይም፤ አሁን የሚያየው የቪፒኤኑ ባለቤት ነው። እምነቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ተዛወረ እንጂ አልቀረም። የማማው መዝገብ እንዳለ ነው። በስምዎ የገቡበት አካውንትም ስምዎን ያውቃል። መስመሩ ሲቋረጥ ስልኩ ሳይነግርዎ በተራው ኢንተርኔት እንዳይቀጥል፣ ያለ ቪፒኤን ግንኙነት የሚያግደው ምርጫ መብራት አለበት፤ ብዙ ሰው ይህን ይረሳል።

ከቪፒኤን በፊት የሚቀድመው የስልኩ መቆለፊያ ነው። አይፎን አንድ የመክፈቻ ቁጥር ለመፈተሽ 80 ሚሊሰከንድ ገደማ እንዲፈጅበት ተደርጎ ነው የተሠራው። የሙከራ ቁጥር ገደቡን ማለፍ የቻለ መሣሪያ ቢመጣ 4 አሃዝ (10,000 አማራጭ) በ13 ደቂቃ ያልቃል፤ 6 አሃዝ በ22 ሰዓት፤ ትናንሽ ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት 6 ሆሄ ግን ከአምስት ዓመት በላይ ይፈጃል። አሻራና ፊት ለፍጥነት ይመቻሉ፤ ጣት ግን በጉልበት ስልክ ላይ ይደረጋል። ፍተሻ ወዳለበት ቦታ ከመድረስ በፊት ስልኩን አጥፍቶ ማብራት ይሻላል። እንደገና በርቶ ገና ያልተከፈተ ስልክ አብዛኛውን ቁልፍ ማኅደረ ትውስታው ውስጥ አልያዘም፤ አንድ ጊዜ ተከፍቶ የተቆለፈ ስልክ ግን ይይዛል፣ የተቆለፈ ስልክ የሚሰብሩ መሣሪያዎችም የሚመኩት በዚያ ነው። አንድሮይድ 12 እና ከዚያ በላይ በሆኑ ብዙ ስልኮች 2ጂን (የድሮውን የስልክ ኔትወርክ) ማጥፋት ይቻላል። በ2ጂ ስልኩ ማንነቱን ለማማው ያረጋግጣል፣ ማማው ግን ለስልኩ አያረጋግጥም፤ እውነተኛ መስሎ ስልኮችን የሚያታልል የሐሰት ማማ የሚሠራውም በዚህ ክፍተት ነው።

ቴሌግራም የሚጠቀሙ ሰዎች ተራው ቻት ከጫፍ ጫፍ እንዳልተመሰጠረ ይወቁ፤ የሚመሰጠረው ምስጢራዊ ቻት ተብሎ በተለየ ሲከፈት ብቻ ነው። ዋትሳፕ በራሱ ይመሰጥራል፤ ሆኖም ወደ ደመና የሚሄደው የመጠባበቂያ ቅጂ በነባሪ ቅንብሩ በዚያ ቁልፍ አልተጠበቀም። ቅጂውን ያገኘ ሰው ምስጠራ መስበር ሳያስፈልገው ዓመታት የቆየውን ንግግር ያነባል፤ ተጠርጣሪው ሲጠነቀቅ ተቀባዩ ስላልተጠነቀቀ ብቻ የወጣ ንግግር ብዙ ነው። ከ2021 ጀምሮ በቻት ባክአፕ ስር ቅጂውን ከጫፍ ጫፍ መመስጠር ይቻላል፤ በይለፍ ቃል ወይም በ64 አሃዝ ቁልፍ። ቁልፉን ወረቀት ላይ ጽፈው ከስልኩ ርቆ ያስቀምጡት፤ አንድ ተጨማሪ ቅጂም በሌላ ቦታ ይኑርዎ። ከጠፋ ኩባንያውም ሆነ ፍርድ ቤት ሊመልስልዎ አይችልም።